ሙሽሮችና የውሃ ጉድጓድ

ንባብ፦ ዘዳግም 24፥5፤ ዘፍጥረት 24፥10-20 እና 57-58፤ ዘፍጥረት 26፥1-22፤ ዮሐንስ 4፥5-15



በዚህ ሳምንት የምናሰላስለው ጥያቄ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ተጋብተው፣ ገና ጎጆ በወጡ ሰሞን፣ አገራቸውንና ወላጆቻቸውን ትተው ለማያውቁት ሕዝብ ንጹሕ ውሃ ለማውጣትና ወንጌል ለመናገር ሩቅ አገር ቢሄዱ፣ ደግ አደረጉ ወይስ ቤታቸውን በደሉ? አንዳንዱ ሰው ወዲያው "ከእግዚአብሔር ሥራ የሚበልጥ ምን አለ!" ይላል። ሌላው ደግሞ "መጀመሪያ ቤቱን ያቁም እንጂ፣ ሙሽራ ይዞ በረሃ ለበረሃ መንከራተት ምን የሚሉት አገልግሎት ነው?" ይላል። ሁለቱም ቶሎ የመጡ መልሶች ናቸው። ቶሎ የመጣ መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሽ ነው።

ጥያቄው ከሩቅ የሚመጡትን ሚስዮናውያን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ካኩማ የተጋቡ ስንት ወጣቶች አሉን! ሠርጉ በቆርቆሮው አዳራሽ ይደረጋል፣ እልል ይባላል፣ ዳቦ ይቆረሳል። በሳምንቱ ወንዱ የመዘምራን ልምምድ፣ የጸሎት ቡድን፣ የሕመምተኛ ጉብኝት ሲል ይውልና ማታ ይገባል። እሷ ደግሞ ጄሪካኗን ይዛ ቧንቧ ላይ ተሰልፋ ትውላለች። እሱ አገልጋይ ይባላል። እሷስ ምን ትባላለች?

የኦሪት ሕግ

በመጀመሪያ ዘዳግም 24፥5ን እንይ። እግዚአብሔር ለእስራኤል የሰጠው ሕግ ነው። አዲስ ሚስት ያገባ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ጦርነት እንዳይሄድ፣ የሕዝብም ሥራ እንዳይጫንበት፣ ቤቱ ተቀምጦ ያገባትን ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ያዛል። ልብ በሉ፣ ሚስቱ እሱን ታገልግል አላለም። እሱ እሷን ደስ ያሰኛት ነው ያለው። በዚያ ዘመን እስራኤል ጠላት የበዛበት ሕዝብ ነበር፤ አንድ ወታደር ቢጎድል ይጎዳል። እግዚአብሔር ግን ጦሩ ትንሽ ይጉደል፣ ያቺ ልጅ ግን ብቻዋን አትቅር አለ። እኛ አገልጋይ አነሰን ብለን ሙሽራውን ከቤቱ ስናስወጣው ይህን ሕግ እናስታውስ።

ታዲያ ይህን ብቻ ይዘን ሙሽሮች ከቤታቸው አይውጡ እንበል? እንዲያ ካልን ርብቃ ትጠይቀናለች።

ርብቃና አሥሩ ግመሎች

የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ሄዶ ጉድጓድ አጠገብ ቆመ። ርብቃ መጣች። ለሎሌው ውሃ ሰጠችው፣ ከዚያም ማንም ሳያዛት ለአሥር ግመሎቹ ቀዳች። በደንብ የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ መቶ ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላል። አሥሩ ያን ያህል ቢጠጡ አንድ ሺህ ሊትር ይሆናል። በእኛ ጄሪካን ስንቆጥረው፣ ባለ 20 ሊትሩ 50 ጄሪካን ማለት ነው። ለስደተኛ የተቀመጠው ዝቅተኛ የውሃ መጠን ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 75 ሊትር ይደርሰዋል። ርብቃ እንግዲህ ለዚህ ቤት ሁለት ሳምንት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ውሃ በአንድ ምሽት ቀዳች ማለት ነው። ቧንቧ ላይ የምትሰለፉ እህቶች ከእኔ በላይ ይህ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ይህች ልጅ ሙሽራ ሆና አገሯን ትታ ሄደች። ግን ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ተደረገ። ሎሌው አሁኑኑ ልሂድ ሲል፣ ቤተሰቦቿ ልጅቱን እንጥራትና ከአፏ እንስማ አሉ። ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። እሷም እሄዳለሁ አለች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ እንደ ከብት በጥሎሽ ትሰጥ ነበር ብለን እናስባለን። እዚህ ላይ ግን ተጠየቀች። የሄደችው በራሷ አፍ እሄዳለሁ ብላ ነው።

እንግዲህ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሽራ መሄዷን አልከለከለም። ሳትጠየቅ መጎተቷን ግን አላሳየንም።

የፓተን ታሪክ

አሁን ከ160 ዓመት በፊት የሆነ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። ጆን ፓተን የሚባል የስኮትላንድ ሰው ነበር። አባቱ የእግር ሹራብ እየሠራ ቤቱን የሚያስተዳድር ድሃ ነበር። ፓተን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ሚያዝያ ወር ሜሪ አን ሮብሰን የምትባል ልጅ አገባ። ከሠርጉ በኋላ በሁለት ሳምንቱ ሁለቱም መርከብ ላይ ነበሩ። የሄዱት ከአውስትራሊያ ወደ ምሥራቅ፣ ያኔ ኒው ሄብሪደስ፣ ዛሬ ቫኑአቱ ወደሚባሉት ደሴቶች ነው። በኅዳር ወር ታና የምትባል ደሴት ላይ ወረዱ።

ቤታቸውን ከባሕሩ ዳር ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ሠሩ። ወባ የሞላበት ቦታ ነበር። በ1859 የካቲት ወር ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። በመጋቢት መጀመሪያ ሜሪ በትኩሳት ሞተች። ወሩ ሳያልቅ ሕፃኑም ተከተላት። ፓተን መቃብራቸውን በገዛ እጁ ቆፈረ። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ብትቆጥሩት አሥራ አንድ ወር ነው። ኦሪት ለሙሽራ የሰጠው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ታሪክ ስንሰማ ቶሎ ብለን "ሃሌ ሉያ፣ ለጌታ ሞተች" ብለን እናልፋለን። እኛ ግን መንገድ ላይ ሰው የቀበርን ሰዎች ነን። በበረሃ፣ በጀልባ፣ በድንበር ሚስቱን ወይም ልጁን ያጣ ሰው በመካከላችን ተቀምጧል። ለዚህ ሰው መልሱ እንዲህ ቀላል አይደለም። ፓተን ሜሪ ከመሞቷ በፊት በመምጣቷ እንዳልተጸጸተች እንደነገረችው ጽፏል። ይህ መልካም ምስክርነት ነው። ግን የሰማነው ከእሱ ብዕር ነው። የአሥራ አንድ ወር ሙሽራ የልቧን ሁሉ ለማን ተናግራ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ፓተን እሷን ካጣ በኋላ እሱም በተደጋጋሚ በትኩሳት ተያዘ። ያን ጊዜ አንድ የታና ሽማግሌ መጥተው መከሩት። እዚህ ዝቅ ብለህ ብትተኛ ትሞታለህ፣ የታና ሰው እንዲህ ዝቅ ያለ ቦታ አይተኛም፣ ወደ ኮረብታው ውጣ አሉት። ያንን እውቀት ሽማግሌዎቹ ከአባቶቻቸው ጀምሮ ይዘውት ኖረዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉት አባቶቻችን ለዚህ ነው። የሚያስተምር ሰው ቤቱን የት እንደሚሠራ እንኳ አስቀድሞ የአገሩን ሰው ይጠይቅ። የፈቃደኝነት ልብ ከወባ አያድንም።

ከዚያ ፓተን በ1862 ታና ላይ ጠብ ሲነሳ ንብረቱን ሁሉ ትቶ በመርከብ አመለጠ። ይህን ዓይነት ማምለጥ እናንተ ታውቁታላችሁ። በ1864 ማርጋሬት ኋይትክሮስ የምትባል ሴት አገባ፣ በ1866 ሁለቱ አኒዋ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ሄዱ።

የአኒዋ ጉድጓድ

አኒዋ ከባሕር ድንጋይ የተሠራች ዝቅ ያለች ደሴት ናት። ወንዝ የላትም፣ ዝናብም ያጥራታል። ሰው የሚጠጣው የኮኮናት ውሃና በጉድባ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነበር። የፓተን ቤተሰብ ውሃ ሲቸግረው ፓተን ሁለት ትልልቅ በርሜል አዘጋጀና ከመንደሩ ጉድባ ሊሞላ ሄደ። ሰዎቹ ከለከሉት። ለምን? እነሱ የሚቀዱት በትንሽ የኮኮናት ቅል ነው። ይህ እንግዳ በዚያ በርሜል ከቀዳ ለእኛ ምን ይተርፈናል ብለው ፈሩ።

ወገኖች፣ ይህን ታሪክ ስናነብ እኛ ራሳችንን ከየትኛው ወገን እናገኛለን? ብዙዎቻችን ውሃ የሚሰጠን እንጂ የምንሰጥ አይመስለንም። ነገር ግን የቱርካና እናቶች በደረቀው ወንዝ አሸዋ እየቆፈሩ፣ በቅል እየጨለፉ ይኖሩ ነበር። እኛ ከ1992 ጀምሮ ከየአገሩ በሺዎች ጄሪካናችንን ይዘን መጣን። በርሜሉን ይዞ የመጣው እንግዳ እኛም ነን።

ፓተን በጉድባው አልተጣላም። ጉድጓድ ልቆፍር አለ። ናማኬይ የሚባሉት የአኒዋ አለቃ ደነገጡ። ዝናብ የሚመጣው ከላይ ነው፣ ከመሬት ሥር ውሃ የሚፈልግ ሰው ጭንቅላቱ ተነክቷል ብለው አሰቡ። የሚረዳው ሲያጣ፣ ሦስት ባልዲ አፈር ላወጣ ሁሉ አንድ የዓሣ መንጠቆ እሰጣለሁ አለ። 12 ጫማ ያህል እንደ ቆፈሩ ሌሊት አንዱ ወገን ተናደ። ከዚያ በኋላ ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ሰው ጠፋ። ፓተን ራሱ ገብቶ ቆፈረ፣ እነሱ ከላይ ሆነው አፈሩን ጎተቱ። 30 ጫማ ያህል፣ በእኛ ዘጠኝ ሜትር ሲደርስ መሬቱ ረጠበ። በማግስቱ ውሃ ወጣ። ፓተን ጨልፎ ቀመሰው፤ ባሕሩ ቅርብ ቢሆንም የሚጠጣ ውሃ ነበር። አለቃው ማሰሮውን ነቀነቁ፣ በእጃቸው ነኩት፣ ቀመሱት፣ ዝናብ ነው ብለው ጮኹ።

ቀጥሎ አለቃው የጠየቁት ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ይህን ውሃ አንተና ቤተሰብህ ብቻ ነው የምትጠጡት ወይስ ለእኛም አለ? ብለው ጠየቁ። ፓተንም እናንተም፣ የደሴቱ ሰው ሁሉም የፈለገውን ያህል ይቅዳ፣ ለሁላችንም ይበቃል ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ መንጠቆ አላስፈለገም። ሰዎቹ ራሳቸው ከባሕር ዳር ድንጋይ ተሸክመው አምጥተው የጉድጓዱን ግድግዳ ገነቡ። የፈረንጁ ጉድጓድ የነበረው ያን ቀን የአኒዋ ጉድጓድ ሆነ።

ፓተንን መልአክ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። በ1865 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ታናን በመድፍ ሲመታ እሱ መርከቡ ላይ ነበር። ለማስተርጎም ነው የሄድኩት ቢልም ብዙ ሰው ወቅሶታል፣ መወቀሱም ተገቢ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም በሕይወቱ አየ፤ መድፉንም ጉድጓዱንም። የሰው ልብ በየትኛው እንደሚከፈት ከአኒዋ ሰዎች እንማር።

ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሙሽሮች ለሌላው ጥም ይውጡ ወይስ ቤታቸውን ይሥሩ? እኔ ከቃሉም ከታሪኩም የማየው፣ ቤቱና ጉድጓዱ ሁለት ነገር መሆን የለባቸውም። ክፉው ነገር የሚመጣው ሁለቱ ሲለያዩ ነው። ሰው ለዓለም ውሃ እያወጣ ሚስቱ ከተጠማች፣ ወይም ቤቱ ጠግቦ ጎረቤቱ ከተጠማ፣ ያኔ ነገሩ ተበላሽቷል። ይህን የምንለይባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ እሷ ተጠይቃለች ወይ? እንደ ርብቃ በራሷ አፍ እሄዳለሁ ብላለች ወይ? ይስሐቅ ራሱ እዚህ ላይ ወድቋል። በራብ ምክንያት ተሰዶ ጌራራ ሲገባ፣ በእሷ ምክንያት እንዳይገድሉት ፈርቶ ርብቃን እህቴ ናት አለ። የራሱን ነፍስ ለማዳን እሷን ለአደጋ አጋለጠ። ባልየው የሚከፍለውን ራሱ ይክፈል። የሚስቱን ሕይወት ግን እሷ ሳትፈቅድ መሥዋዕት አድርጎ ማቅረብ አይችልም፤ የእሱ አይደለምና።

ሁለተኛ፣ ሰጪው ራሱ ተጠምቷል ወይ? ጌታችን በሰማርያ ጉድጓድ አጠገብ የሕይወት ውሃ ሊሰጥ መጥቶ መጀመሪያ ያደረገው ውሃ መለመን ነው። ደክሞት ነበር፣ ተጠምቶ ነበር፣ መቅጃም አልነበረውም። ያቺን ሴት አንቺ ድሃ ነሽ ብሎ አልጀመረም። አጠጪኝ ብሎ ነው የጀመረው። ፓተንም ጉድጓዱን የቆፈረው የገዛ ቤቱ ስለ ተጠማ ነበር፤ ያወጣውንም ውሃ ከሰዎቹ ጋር ጠጣው። አብሮህ የሚጠጣ ሰው የሰጠህ ውሃ አንገት አያስደፋም።

ሦስተኛ፣ ውሃው ለሁሉ ነው ወይ? ፓተን ሰዎቹ ጣዖታቸውን ከመጣላቸው በፊት ነው ሁላችሁም ቅዱ ያላቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ለመጠጣት መጠመቅ አያስፈልግም። ውሃን የስብከት ዋጋ ያደረገ ሰው ወንጌልን ሸጠ። በዮሐንስ 6፥26 ጌታ እንጀራ ስለ በሉ የተከተሉትን ሰዎች ገሠጻቸው፣ አስቀድሞ ግን ሳይመርጥ አብልቷቸዋል። እዚህ ካምፕ ቧንቧ ላይ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሶማሌውም፣ ሱዳኑም፣ ኮንጎውም በአንድ ሰልፍ ይቆማል። እግዚአብሔር ያንን ሰልፍ ያያል። በዚያ ሰልፍ ላይ የምናሳየው ጠባይ አዳራሽ ውስጥ ከምንዘምረው መዝሙር በላይ ይሰማል።

ይስሐቅ በጌራራ መጀመሪያ የቆፈረውን ጉድጓድ እረኞቹ ቀሙት፣ ዔሤቅ አለው። ሁለተኛውም ጠብ አመጣ፣ ስጥና አለው። ሦስተኛውን ሲቆፍር ጠብ ስላልነበረ ርኆቦት ብሎ ሰየመው፤ እግዚአብሔር አሁን ሰፊ ቦታ ሰጠን ማለቱ ነው። ይስሐቅ ስደተኛ ነበር። መሬቱ የእሱ አልነበረም። ለመብቱ መከራከር ሳያቅተው፣ ሁሉም የሚኖርበት ሰፊ ቦታ እስኪገኝ ድረስ መቆፈርን መረጠ። በሰው አገር ለምንኖር ለእኛ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም።

በየቤታችን

ሁላችንም ባሕር ተሻግረን ጉድጓድ አንቆፍርም። ግን ይህ ትምህርት ዛሬ ማታ ቤት ይዘነው የምንገባው ነው። ያዕቆብ ለራሔል በጎች የጉድጓዱን ድንጋይ አንከባሎ አጠጣ። ሙሴ ለምድያም ልጆች ውሃ ቀዳ፣ ሲፓራንም አገባ። ጌታም ለመጨረሻው ራት ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ምልክት አድርጎ የሰጣቸው የውሃ እንስራ የተሸከመ ወንድ ነው፤ ማርቆስ 14፥13ን ተመልከቱ። ውሃ መሸከም ወንድን አያሳፍርም። አንተ ወንድሜ፣ አዲስ ሙሽራ፣ ጄሪካኑን አንሳ። ውስጡን በደንብ እጠበው፣ ክዳኑን ግጠምበት፤ ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ በቆሸሸ ጄሪካን ተበላሽቶ ልጆችን ያሳምማልና። አሮጊት ጎረቤት ካለችህ የሷንም ሙላላት። ይህ ከሚስትህ ጋር አብረህ የምትሠራው የመጀመሪያ ሚስዮናዊነት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም፣ አዲስ ለተጋቡት ጊዜ እንስጣቸው። ኦሪት አንድ ዓመት ሰጥቷል፤ እኛ ቢያንስ ጥቂት ወራት አንከልክላቸው። ከሩቅ ለሚመጡት ወጣት ባልና ሚስትም ደግ እንሁን። እነሱም የሰው ልጆች ናቸው፣ እናት የምታለቅስላቸው። የት ቢያርፉ እንደሚሻል፣ የትኛው ወንዝ በጎርፍ ጊዜ እንደሚሞላ እንንገራቸው። የታናው ሽማግሌ ምክር ጥቂት ወራት ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ምናልባት አንዲት እናት በሕይወት ትኖር ነበር።

በኅብረት ለመወያየት
1. በቤታችሁ ውሃ የሚቀዳው ማነው? ስለዚህ ከባለቤታችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ?
2. አንድ ነገር ሲሰጣችሁ ክብራችሁ የተነካበት ጊዜ አለ? ክብራችሁ የተጠበቀበትስ? ልዩነቱ ምን ነበር?
3. ከቱርካና ጎረቤቶቻችን ጋር በውሃ ምክንያት ጠብ ሲነሳ ርኆቦትን ለማግኘት ምን ማድረግ እንችላለን?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ አንተ በጉድጓድ አፍ ተጠምተህ ተቀምጠሃል። ጥማችንን ታውቃለህ። አዲስ ጎጆ የወጡትን ባርክ፣ እርስ በርሳቸው የሚደማመጡ አድርጋቸው። በመንገድ ላይ ሚስት፣ ባል ወይም ልጅ የቀበሩትን አጽናና። ከሩቅ መጥተው ውሃ የሚያወጡልንን ጠብቅ። በዚህ ደረቅ ምድር ለእኛም ለአገሩም ሰው የሚበቃ ሰፊ ቦታ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።